ሳልጫነው የተከፈተው የጋራዥ በር

ይህን ከራሷ ፈጥራ ነው የሚል ካለ ወንድሜን ይጠይቅ። እሱ ግን አይመልስለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ የዚያ ቤት ወሬ ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ገደማ ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ሰው የሚፈራበት ሰዓት አይደለም።

ቤቱን ከተከራየን ገና ወር አልሞላንም። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ እኔና ገና መዳህ የጀመረች ልጄ ብቻ ነን።

የጋራዡ በር በሪሞት የሚከፈት ነው። ሪሞቱን ስንጠይቀው አከራያችን "ጠፍቶብኛል" አለን። እኔም አዲስ ገዛሁና ወንድሜን ጠራሁት።

ታናሼ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከሥራውም ከቅጥነቱም የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ "ሽቦ" ነው የሚለው።

"እትዬ፣ ለዚች ብለሽ ነው ከሥራ ያስወጣሽኝ?" አለ እየሳቀ። "ይቺማ ዓይን ጨፍኜ የምሠራት ናት።"

ልጄን መኝታ ቤት አስተኛኋት። ከዚያ በወጥ ቤቱ በር ወደ ጋራዡ ገባን። ሽቦ መሰላሉን ጣሪያው ላይ ካለው ሞተር ሥር አቁሞ ላዩ ላይ ወጣ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች። እሷን ሲነኳት ትንሽ መብራት ትበራለች። ሞተሩ ሪሞት እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ያኔ ሪሞቱን ሲጫኑት ትልቁ አምፖል ብልጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ያንን ሪሞት ያውቀዋል፤ ይታዘዘዋል።

"መጀመሪያ የድሮዎቹን እናስረሳው" አለ ሽቦ። ቁልፏን ጫን አድርጎ ያዛት። "በቃ። አሁን ማንንም አያውቅም።"

ቀጥሎ ነካ አደረጋት። ትንሿ መብራት በራች።

"አሁን ተጫኚው።"

ጣቴን አነሳሁ...

ሳልነካው አምፖሉ ብልጭ አለ።

"ጎበዝ" አለ ሽቦ።

"እኔ አልተጫንኩም።"

"እንዴት አልተጫንሽም? ተቀበለ እኮ!"

"አልተጫንኩም አልኩህ።"

ከላይ ሆኖ አየኝ። ፊቴ ላይ ቀልድ አጣ።

"የጎረቤት ሪሞት ይሆናላ" አለ። "እስቲ ባትሪውን አውጪው።"

አወጣሁት። ባትሪው አንድ እጄ ላይ፣ ባዶው ሪሞት ሌላው እጄ ላይ። ሽቦ ሁሉንም አስረሳና ቁልፏን እንደገና ነካ።

ጠበቅን...

ሁለታችንም ትንፋሽ ሳናሰማ ጠበቅን...

አምፖሉ ብልጭ አለ።

ከዚያ በሩ መነሳት ጀመረ።

ቀስ ብሎ ወገብ ድረስ ተነሳ። ውጭ ፀሐይ ነው። መንገዱ ጭር ብሏል። አንድም ሰው የለም። በሩ ቆመ። ወረደ። እንደገና ትንሽ ተነሳ፣ ቆመ፣ ወረደ።

አዲስ ዕቃ እጁ ገብቶለት የሚሞክር ሰው ይመስል ነበር።

"አንድ ባለጌ እየተጫወተብን ነው" አለ ሽቦ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። "ጆሮውን ይዤ ባልመጣ!"

ከመሰላሉ ወረደ። በሩ ሲነሳ ጠብቆ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

እንደወጣ በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ጋራዡ ጨለመብኝ። በሩ ላይ ካለችው ትንሽ መስታወት በቀር ብርሃን የሚገባበት የለም።

"አሁን ተጫኚው።"

ድምፁ የሽቦ ነው። ከመሰላሉ ላይ ነው የመጣው።

"እሺ" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር...

ሽቦ ውጭ ነው።

ከላዬ መሰላሉ ሲጥ አለ። የሰው ክብደት የተሸከመ መሰላል እንዴት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ።

መስታወቱ ተንኳኳ። ወንድሜ ነው። ፊቱን ለጥፎ ያያል። የሚያየው ግን እኔን አይደለም። ከእኔ በላይ ነው።

"እትዬ..." ድምፁ በበሩ ስንጥቅ ገባ። "ቀና እንዳትይ።"

"ምንድን ነው?"

"ቀና እንዳትይ ብዬሻለሁ! ልጅቷን ይዘሽ በዋናው በር ውጪ። ቀስ ብለሽ... እንዳትሮጪ።"

"እንዳትሮጪ..." አለ ከላይ። በራሱ በሽቦ ድምፅ።

ልጄ ቤት ውስጥ ናት። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ተራመድኩ።

ሲጥ... ከኋላዬ አንድ ደረጃ ወረደ።

ሲጥ... ሌላም ደረጃ።

የወጥ ቤቱን በር ዘጋሁና ቆለፍኩት። ከዚያ እንዴት መኝታ ቤት እንደደረስኩ አላውቅም።

ልጄ ነቅታለች። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ወደ ጋራዡ ግድግዳ አዙራለች። ትስቃለች። አጎቷ ሲያጫውታት እንደምትስቀው፣ ከትከት ብላ። ጭንቅላቷም ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። ከግድግዳው ወዲያ የሚሄድ ነገር እየተከተለች ነበር።

አፈፍ አደረግኳትና በረርኩ።

ሽቦ መኪናውን አስነስቶ ጠበቀን።

"ቆጣሪውን አጥፍቼዋለሁ" አለ። "አሁን መብራት የለውም። ምንም አይሠራም።"

"ምን አየህ?"

ማርሹን አስገባ።

"አንተ! ምን አየህ?"

"ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ" አለ። እንባው ወረደ። ወንድሜን ሲያለቅስ ያየሁት አባታችን የሞተ ቀን ብቻ ነበር።

ወደዚያ ቤት አልተመለስኩም። ባለቤቴ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሄዶ ዕቃችንን አወጣ። ምንም አላገኙም። "ድካም ነው፣ ብቻሽን ስትሆኚ ነው" አለኝ። አልተከራከርኩትም።

ለእሱም ሆነ ለሽቦ ያልነገርኩት አንድ ነገር ግን አለ።

ያን ቀን መኪናው ሲነሳ ልጄን አቅፌ ወደ ኋላ ዞሬ ነበር።

መብራት የሌለው በር ጉልበት ድረስ ተነሳ።

ከሥሩ አንድ እጅ ወጣ። መዳፉን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈና ዳበሰ... ወዲህ... ወዲያ... ጨለማ ውስጥ የወደቀበትን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው። ያ ሁሉ ፀሐይ እየበራበት።

ከዚያ እጁ ተመለሰ።

በሩም ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ተዘጋ።