ራሷን የምትነቀንቀው ወላድ

ሴትዮዋ ያን ጠዋት የልጇን የሆስፒታል ቦርሳ ለስንተኛ ጊዜ እንደከፈተችው ራሷም አታውቀውም። ፎጣውን አወጣችው፤ አጣጥፋ መለሰችው። የሕፃኑን ኮፍያ በጣቶቿ ለካችና «ቢጠበውስ?» ብላ ሌላ ጨመረች። በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ምድጃው መጥፋቱን አየች፤ ደግማ አየችው። ጎረቤቶቿ «ወይዘሮ ስጋት» የሚሏት በክፋት አይደለም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ጃንጥላ ይዛ የምትወጣ፣ ስልክ በጠራ ቁጥር «ማን ሞተ?» ብላ የምታነሳ ሴት ናት።

ልጇ ግን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። የምትሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው። በልጅነቷ የያዛት ከባድ ትኩሳት ጆሮዋን ይዞባት ስለሄደ፣ የሰው ንግግር የምትረዳው ከንፈር እያየች ነው። የስፌት መኪናዎቹ አንድ ላይ ሲንጫጩ የሥራ ባልደረቦቿ መደማመጥ ያቅታቸዋል፤ ማን ምን እንዳለ ለይታ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። «እዚህ ቤት መስማት የተሳናችሁ እናንተ ናችሁ» እያለች ትስቅባቸዋለች።

ከቤቷና ከሥራ ቦታዋ ውጭ ግን ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የደበቀችው እናቷ ናት። ልጆች እንዳይስቁባት፣ ስታድግም ሰው እንዳይንቃት ፈርታ፣ ገና ትንሽ ሳለች አገጯን ይዛ መክራታለች። «ያልገባሽ ነገር ሲያጋጥምሽ ፈገግ በይና ‹አዎ› እንደሚል ሰው ራስሽን ነቅንቂ። ማንም አያውቅብሽም።» ልጅቷም ገበያ ስትወጣ ነቀነቀች፤ ቢሮ ስትገባ ነቀነቀች። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ደግሞ እናትየው አብራ ገብታ መልሱን ሁሉ እሷው ትመልስላት ነበር።

አሁን ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ነው። እንደ መጀመሪያው ሁሉ ይሄኛውም በኦፕራሲዮን እንዲወለድ ቀን ተቆርጦለታል። ሐኪሟም፣ «በዚያን ቀን እንዲደረግልሽ ወይም እንዳይደረግብሽ የምትፈልጊው ነገር ካለ አስበሽበት ነይ» ብላ ቀጥራታለች። የዚህ ምክክር ቀጠሮ ዛሬ ነው።

ይህ ነገር ለእናትየው ጨርሶ አልተዋጠላትም።

«ምኑ ነው የሚታሰበው?» አለች፣ ልጇ ፊት ቆማ ከንፈሯን ጎላ አድርጋ። «ሆድ ሊቀደድ እየተሄደ ምርጫ! ሠርግ ነው እንዴ? በደህና ውጪልኝ እንጂ ሌላው ምን ያደርጋል? ደግሞ ቀድሞ ማውራት ማሟረት ነው።»

«እማ፣ ባለፈው ዝም ስላልን ምን እንደመጣ ታውቂያለሽ?»

«ምን መጣ? ልጁ ይኸው ውጭ ይሯሯጣል።»

ልጅቷ መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካችው።

«ያኔ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ሁሉም አፋቸውን ሸፍነው ነበር። አንድ ከንፈር አይታየኝም፤ ዓይን ብቻ። አንዱ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ነቀነቅሁ። ለካ ደንዝዞልሽ እንደሆን ንገሪኝ ነው ያለው። አልደነዘዘልኝም ነበር፣ እማ። ሲጀምሩ ስጮህ ነው ቆመው መድኃኒት የጨመሩልኝ።»

እናትየው ከፊቷ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«ከዚያ ልጁ ወጣ። ይዘውት ወደ ጥግ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ያልቅስ አያልቅስ በምን ልወቅ? አንዷ መጥታ አንድ ነገር ነገረችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሞተ ያለችኝ መሰለኝ። ለሱም ራሴን ነቀነቅሁ። አንቺ ታቅፈሽው እስካይሽ ድረስ በልቤ ቀብሬዋለሁ።»

«ታዲያ... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስወጣ ‹ደህና ነሽ?› አልሽኝ። ነቀነቅሁልሽ።»

ሁሉን ስትፈራ የኖረችው ሴት ይህችን ብቻ ፈርታት አታውቅም ነበር። ያን ጠዋት ቦርሳውን ደግማ አልከፈተችውም።

ሐኪም ቤት ደርሰው ተራ ሲጠብቁ ግን እግሯ አልረጋ አለ። የልጇ ባል፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ ነበር። «እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ» አላት። «ወለሉ አልቆ ሊያስከፍሉን ነው።»

ገቡ። ሐኪሟ አፏን እንደሸፈነች ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፈች ተናገረች። «የሚደነዝዘው ከወገብሽ በታች ነው፤ አንቺ ነቅተሽ ትቆያለሽ። ገባሽ?»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። የዕድሜ ልክ ልማድ በአንድ ጠዋት አይለቅም።

«አልገባትም!» እናትየው ብድግ አለች። «ልጄ አትሰማም፤ የሚገባት ከንፈር አይታ ነው። ነቅንቂ ያልኳት እኔ ነኝ። እባክሽ ዶክተር፣ እሷ ስትነቀንቅ አትመኛት።»

ሐኪሟ የአፍ መሸፈኛ ማስኳን አወረደችና ወንበሯን ወደ ልጅቷ አዞረች። «እስከ ዛሬ ከነገርኩሽ ምን ያህሉ ገብቶሻል?»

«ግማሹ» አለች ልጅቷ። ከዚያም ያሰበችውን ሁሉ ተናገረች። ማስክ ከመደረጉ በፊት እያንዳንዱ ነገር እንዲነገራት፣ በቃሏ ሳትመልስ እንዳይጀመር፣ ልጁ እንደወጣ ሆዷን ከሚጋርደው መጋረጃ በላይ ከፍ አድርገው እንዲያሳዩአት፣ ወደ ጥግ ከተወሰደም አንድ ሰው ተመልሶ ጽፎ እንዲያሳያት።

«ሕፃኑ ቶሎ እርዳታ ካስፈለገው እሱ ይቀድማል» አለች ሐኪሟ። «ግን ሳይነገርሽ አትቆዪም። አብሮሽ የሚሆን አንድ ሰው መግባት ይችላል።»

«እኔ አለሁ!» አለች እናትየው።

«ባለቤቴ ይግባ።»

እናትየው ፊቷ ጠቆረ። «እኔ እያለሁ?»

«እማ፣ አንቺ ስትፈሪ ፊትሽ ላይ የማነበው ሞት ነው።»

«እኔ ደግሞ ስፈራ ሳቄ ይመጣል» አለ ሹፌሩ። እናትየው ቅር እያላት አብራ ሳቀች።

ቀኑ ደረሰ። ባልና ሚስት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ እናትየው ኮሪደሩን ተመላለሰችበት። አንዲት ነርስ እየሮጠች ስትወጣ «አለቀ፣ ሞተች» ብላ ግድግዳውን ያዘች። ነርሷ ግን ዕቃ ይዛ ተመለሰች።

በመጨረሻ ልጇን አወጧት። ደረቷ ላይ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ተለጥፋለች።

«ወዲያው አላለቀሰችም፣ እማ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ። «ወደ ጥግ ወሰዷት። ግን አንዷ ተመልሳ ሰሌዳ ላይ ጽፋ አሳየችኝ፤ ‹ትተነፍሳለች፤ እየረዳናት ነው› ይላል። ባለቤቴም እየሳቀ እጄን ጨብጦኝ ነበር። በኋላ ደረቴ ላይ አስተኟት። ስታለቅስ በደረቴ ሰማኋት።»

አንባቢ ሆይ፣ የወላድ ዝምታ ሁልጊዜ ደህንነት አይደለም። በቤትህ የምትወልድ ካለች፣ ምን እንደምትፈልግና ምን እንደምትፈራ ቀኑ ሳይደርስ ጠይቃት። ፍርሃት አፍህን ቢያሲዝህም ጠይቃት፤ መልሷንም ለሚያዋልዷት ሰዎች አድርስ። አስቀድሞ መናገር ማሟረት አይደለም።

እናትየው የልጇን ግንባር ዳሰሰች። ከንፈሯ በደንብ እንዲታይ ጎንበስ ብላ «ያምሻል?» አለቻት። መልሱን እየፈራች ጠበቀች።

ልጅቷ አልነቀነቀችም።

«አዎ፣ እማ። በጣም ያመኛል። ነርሷን ጥሪልኝ።»

ወይዘሮ ስጋት ዘመኗን ሁሉ ስትሸሸው የኖረችውን ክፉ ወሬ እንደ ምሥራች ተቀበለችው። ኮሪደሩን እየሮጠች፣ «ልጄን አሟታል! ራሷ ነገረችኝ፣ አሟታል!» እያለች ተጣራች።