ኪስ ላይ ያረፉት ንቦች

ችኩሊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጡላት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ጫማዋን ሳታስር ትሮጣለችና። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር፣ መንገዱ ሲያልቅ ባለው ቤት ነው። አክስቷ ንብ ያረባሉ። ጓሮው ውስጥ አምስት ቀፎዎች አሏቸው።

አክስቷ ቀፎ መፈተሽ እያስተማሯት ነበር።

«መጀመሪያ ጭስ። ከዚያ ክዳኑን ቀስ አድርገሽ ታነሻለሽ። የማር እንጀራው የተሠራበትን ፍሬም ቀጥ አድርገሽ ስበሽ አውራዋን ንብ ትፈልጊያለሽ። ስትመልሺው እንዳትጨፈልቂያት! የሁሉም እናት እሷ ናት። እሷ ከሌለች ቀፎው ያልቃል።»

«ገባኝ፣ እትዬ!»

«አፍሽስ ገብቶታል፤ እጅሽን እናያለን» አሉና ሦስተኛውን ቀፎ ለብቻዋ ሰጧት። እሳቸው ወደ አራተኛው ሄዱ።

ችኩሊት ቀድማቸው ልትጨርስ ፈለገች። ጓንቱ ሰፋትና አወለቀችው። ፍሬሙን ሳበች። አውራዋ ይቻት! ረዘም ያለች፣ ጠቆር ያለች። በደስታ ፍሬሙን ወደ ቦታው ገፋችው። ቀጭ አለ።

መልሳ ስታወጣው አውራዋ አትንቀሳቀስም። ችኩሊት በሁለት ጣቷ አንስታ ኪሷ ከተተቻት።

«አየሻት?» አሉ አክስቷ።

«አየኋት።»

ልጆች፣ እስከዚህ እውነት ነው። ግን ጨመረችበት።

«ደህና ናት።»

ምሳ ሲበሉ አንዲት ንብ በመስኮት ገባች። የችኩሊት ኪስ ላይ አረፈች። አልነደፈችም። ድምፅም አላሰማችም። ሁለተኛዋ መጣች። ሦስተኛዋ።

ችኩሊት ወጥታ የሞተችውን ከአጥሩ ወዲያ ጣለቻት። ቀሚሷን ቀየረች፣ እጇንም ታጠበች። ሱቅ ስትላክ ንቦቹ ተከተሏት።

«ምነው፣ ማር ተቀባሽ እንዴ?» ብሎ ባለሱቁ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ንቦቹ ያረፉት በሁለቱ ጣቶቿ ላይ ብቻ ነበራ!

ቤት ገብታ መስኮቱን ዘጋች። ንቦቹ መስታወቱ ላይ ተደረደሩ፤ ጭጭ ብለው። ከጓሮ ግን ድምፅ ይመጣል። የሥራ ድምፅ አይደለም። ሦስተኛው ቀፎ ልክ እንደ ሐዘን ቤት ያቃስታል።

«ያውቃሉ» አለች ለራሷ። ሮጣ አክስቷ ጉያ ገባች።

«እትዬ፣ ዋሽቻለሁ። አውራዋን ጨፍልቄ ገደልኳት። ንቦቹ ሊበቀሉኝ መጡ!»

አክስቷ ጣቶቿን ይዘው አዩ።

«ለበቀል አልመጡም፣ ልጄ። ሽታዋ እጅሽ ላይ ቀርቶ ነው። እናታቸውን እየፈለጉ ነው።»

ችኩሊት ይህን ስትሰማ ለራሷ መፍራቷን ተወች። ለንቦቹ አለቀሰች።

«አሁን ምን ይሻላል?»

«እንኳን ዛሬ ነገርሽኝ። ከሁለተኛው ቀፎ እንቁላል ያለበት ፍሬም እንሰጣቸዋለን፤ ከእንቁላሉ አዲስ አውራ ያሳድጋሉ። ብትደብቂኝ ኖሮ አልቀው ነበር።»

«ማን ያስገባዋል?»

«አንቺ ነሻ!»

ችኩሊት «አምላኬ፣ እጄን አረጋጋልኝ» ብላ ፍሬሙን አስገባች። ቀጭ አላለም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ማቃሰቱ ቆመ። ከወር በኋላ ቀፎውን ሲከፍቱ አዲሷ አውራ እንቁላል ጥላለች፤ ነጭ፣ እንደ ክር ጫፍ የቀጠነ። ችኩሊት ፍሬሙን ስትመልስ በጣም ከመዘግየቷ የተነሣ አክስቷ «ኧረ ልጄ፣ ሊመሽብን ነው!» ብለው ሳቁ።

ልጆች፣ የተደበቀ ጥፋት እያደር ይብሳልና መቸኮል ካማራችሁ እውነቱን ለመናገር ቸኩሉ።