አቤት የሚለው ፕሮግራም

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ኪዳነ ምሕረትን፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ግንቦት 2004፣ ደብረ ማርቆስ፣ እቤቴ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው...

ልጄ አለበል የኮምፒውተር ተማሪ ነበር። ሲ በሚሉት ቋንቋ አንድ ፕሮግራም ጻፈ።

«እማዬ፣ ሌላው ፕሮግራም አቁም የሚል ሲግናል ሲላክበት ይሞታል። የኔ ግን ተቀብሎ ይመልሳል።»

ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ አስጫነኝ። ስክሪኑ ላይ ተጻፈ፦

አቤት።

«አንተስ ስጠራህ እንዲህ ቶሎ ብትል ምናለ!» ብዬ ሳቅሁ።

«የማይመልሰው አንድ ሲግናል ብቻ ነው፣ ዘጠኝ ቁጥር። እሱ ከመጣ አቤትም ሳይል ይጠፋል።»

«የፕሮግራሙን ስም ማን አልከው?»

«የክርስትና ስሜን።»

ክው አልኩ። እሱ ስም ለባዳ ይነገራል?

«ቀይርልኝ!»

«ስመለስ እቀይረዋለሁ፣ አታስቢ።»

ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቶት በማግስቱ ለሥራ ፈተና ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ።

ዳዊቴን እየደገምኩ ቀና ስል...

አቤት።

ማንም አልነካውም።

አቤት።

...

አቤት።

ማነው የሚጠራው?

ደወልኩ።

«አለቤ፣ የት ደረስክ?»

«ደጀን። ጎማ ሊቀይሩ ቆመናል... እማዬ፣ አንቺ የት ነሽ?»

«እቤት ነኛ!»

«አትቀልጂ። በገደሉ በኩል በክርስትና ስሜ እየጠራሽኝ አይደል እንዴ?»



«አቤት ብለሃል?»

«ገና አላልኩም...»

«እንዳትል! ማን እንደጠራህ ሳታውቅ አቤት አትበል ብዬ አይደል ያሳደግሁህ?»

«ድምፁ እኮ ያንቺ ነው...» አለኝ በሹክሹክታ።

በስልኩ ውስጥ እኔም ሰማሁት።

የኔ ድምፅ። ስሙን ጠራ።

ስክሪኑ ላይ፦ አቤት።

ደንግጬ ሮጥኩና ሶኬቱን ነቀልኩት። ኮምፒውተሩ ድርግም አለ።

ድምፄ እንደገና ጠራ።

አሁን የሚመልስ ፕሮግራም የለም።

«አቤት፣ መጣሁ» አለ ልጄ።

እስከዚያች ደቂቃ ለካ በሱ ፈንታ ሲመልስለት የነበረው ያ ፕሮግራም ነው! ዘጠኝ ቁጥሩን የላክሁበት እኔው ነኝ...

ስልኩ አልተዘጋም። ጠጠር ላይ የሚሄድ እርምጃ ሰማሁ። ከዚያ ነፋስ ብቻ።

የመኪናው ሰዎች ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ አምጥተው ሰጡኝ። እሱ ግን እስከ ዛሬ የለም።

ሶኬቱን መልሼ አልሰካሁትም። እንደተነቀለ ወለሉ ላይ ነው።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስክሪኑ ቦግ አለ።

አንድ ስም ብቻ ተጽፎበታል... የኔ የክርስትና ስም።

አፌን በነጠላዬ አፍኜ ቆምኩ።

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አለበል ብላችሁ በጸሎት አስቡልኝ። የክርስትና ስሙን ግን አትጠይቁኝ።