በፍልሰታ የተበላ ዓሣ

ቁልፉን ከጨው ማስቀመጫው አጠገብ አስቀመጠችው።

ባልቻ አላነሣውም።

ጄኔቭ ዳር ባለችው ካሩዥ አደባባይ ላይ የገበያ ቀን ነበር። ከምግብ ቤቱ በረንዳ ፊት ለፊት አይብ ሻጩ ድንኳኑን እያፈረሰ ነው። ትራሙ እየደወለ ያልፋል። በእንዲህ ያለ የግንቦት ቀትር፣ በዚህ ሁሉ አበባና ልጅ መሀል፣ ሰው ይሸጣል ብሎ የሚያስብ የለም። ማራኪ ግን ሰው ልትሸጥ ነው የመጣችው። ባልቻ እንዲህ ብሎ እንዲያምን የበረዶውን ወራት ሙሉ ለፍታበታለች።

የምትሸጣት ሴት ሙሉመቤት ትባላለች። ጄኔቭ ውስጥ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ሳለች፣ እንግዳ ሆኖ የመጣው የጦር መሣሪያ ደላላ ሳሎን ተቀምጦ ሰው እንዲገደል ሲያዝ ሰምታለች። ደላላው ይኸው ባልቻ ነው። ሙሉመቤት ፍርድ ቤት ቀርባ ልትመሰክር ነው፤ እስከዚያ በሕይወት ከቆየች። ምስክሮችን የሚደብቅ አንድ ቢሮ ዙሪክ ደብቋታል። ማራኪ የዚያ ቢሮ ሰው ናት። ባልቻ የሚያውቃት ግን የአሠሪዎቿን ምስጢር የምትቸበችብ ከሃዲ ጸሐፊ አድርጎ ነው።

ቁልፉ ኦርሊኮን በሚባል የዙሪክ ሰፈር ያለ ባዶ ቤት ይከፍታል። ባዶው ቤት ውስጥ ፖሊስ ተቀምጧል። የባልቻ ሰዎች መሣሪያ ይዘው ሲገቡ ይያዛሉ፣ እሱም አብሮ ይለቀማል። ሥራው ይኸው ነበር።

ስሟ ማራኪ አይደለም። የምስጢር ስሟ «ሸራ» ነው፤ የባሏ ደግሞ «መልህቅ»። ባሏም ባሏ አይደለም።

«ብዪ እንጂ» አለ ባልቻ። «የሐይቁ ዓሣ ነው፣ ፔርሽ የሚሉት። ከባሕሩ ዓሣ ጋር ባይወዳደርም።»

«አልወርድ አለኝ፣ ጋሽ ባልቻ።»

«ለምን? ጾም እንደሁ የለም።» ሳቀ። «ቢኖርም ባልሽ ይበላልሽ ነበር። በፍልሰታ ቪስ ደሴት ላይ ከጀልባው ሾልኮ ወርዶ የተጠበሰ ዓሣ ሲያጣጥም ይዘሽው፣ እስከሚቀጥለው ደሴት ድረስ አላናገርሽውም አሉ።»

ዓሣው።

ማራኪ ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች አታውቅም።

«ማን ነገረዎት?»

«ወፍ።»

እሷ አልነገረችውም። ቢሮውም አያውቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልቻ በየዓመቱ ነሐሴን በራሱ የሸራ ጀልባ በክሮሺያ ደሴቶች መሀል ያሳልፋል፤ ባሕር የማያውቅን ሰው አያምንም። ስለዚህ ቢሮው ማራኪንና ሮቤልን ባልና ሚስት አድርጎ፣ ያለፈውን ነሐሴ በደሴቶቹ መሀል ሲንሸራሸሩ አስከረማቸው። ሁሉም በወሬ ነው። ፎቶዎቹን ቢሮው ሠራቸው። ትዝታውን ግን ራሳቸው መሥራት ነበረባቸው።

ጄኔቭ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ሜራን በሚባል ሰፈር ባለው ፎቅ፣ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የባሕር ካርታ ለጠፉ። ሶፋው ጀልባ ሆነ፣ የመጥረጊያው እንጨት መሪ። በወንበር እግር ላይ ገመድ ማሰር ተለማመዱ። ውጭ በረዶ ይጥላል፤ አውሮፕላኑ ከጣሪያቸው በላይ እያጓራ ይነሣል፤ እነሱ ፀሐይ ስለላጠው ትከሻ ይጨቃጨቃሉ። ማራኪ ባሕርን የምታውቀው በአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው። ሆኖም በየካቲት ጠዋት ስትነሣ ከንፈሯ ላይ ጨው የምትቀምስ ይመስላት ጀመር።

አንድ ምሽት «ቆይ እንጂ» አለች። «ነሐሴ እኮ ፍልሰታ ናት።»

ቢሮው ይህን አላሰበበትም። በጻፈላቸው ታሪክ ውስጥ በየወደቡ አይብና ዓሣ ሲበሉ ይከርማሉ። ቤተ ክርስቲያን የምትስም ሚስት ደግሞ ጀልባ ላይም ብትሆን ፍልሰታን አታልፍም። ስለዚህ ዳቦ በቲማቲም፣ ዳቦ በወይራ በሉ። ሮቤል ዓሣ የጾም ነው ብሎ ድርቅ አለ። «በፍልሰታ አይበላም» አለች። «ይበላል።» «አይበላም።» ክርክሩ ጦፎ ጦፎ ያ ታሪክ ተወለደ፤ ሮቤል ሾልኮ ሲወርድ፣ እሷ ጭሱን አሽትታ ስትደርስበት፣ ኩርፊያው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከዚያ ሮቤል ሳቁን አቆመ።

«ይህቺን ለቢሮው አንንገር። የእኛ ትሁን። ከሁለታችን አንዳችን የተበላሸ ቀን ዓሣዋን ለጠላት ያውራ። ሌላው የሰማ ጊዜ ይሩጥ።»

«ካልተያዝክ በምን ትበላሻለህ?»

«ሰው ሳይያዝም ይበላሻል» አለና ሳህኖቹን ሊያጥብ ተነሣ።

ያን ምሽት ነው የወደደችው። አልነገረችውም። በዚህ ሥራ ላይ እንዲህ ያለው ነገር አይነገርም፤ ደግሞ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

አሁን ካሩዥ ላይ፣ የቀዘቀዘ ዓሣ ፊቷ ተቀምጦ፣ ሮቤል እየነገራት ነው። ሽጬሻለሁ፣ ሩጪ።

ቁልፉ ከጨው ማስቀመጫው አጠገብ ነው። ባልቻ ያላነሣው ምንም እንደማይከፍት ስለሚያውቅ ነው። ሙሉመቤት የት እንዳለች ከአለቃቸው በቀር የሚያውቁት፣ ሌላው የዙሪክ ሰፈር፣ ቪዲኮን ድረስ ወስደው የደበቋት እሷና ሮቤል ናቸው። ዛሬ በሯ ላይ የሚጠብቀውም ሮቤል ነው።

የባልቻ ሰዎች ወደ ቪዲኮን እየሄዱ ነው።

የትራሙ ማቆሚያ ቅርብ ነበር። አጠገባቸው ባለው ጠረጴዛ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ ከቢራው አንዴም ሳይጎነጭ ተቀምጧል። ብትነሣ ምናልባት ታመልጣለች። ሙሉመቤት ግን አታመልጥም።

ስልኳን አወጣች።

«ይቅርታ ጋሽ ባልቻ፣ ያን ወሬኛ አንዴ ልደውልለት።»

ባልቻ በፈገግታ ፈቀደ። ሥራው ያለቀለት ሰው ፈገግታ ነበር።

የደወለችው ለአለቃዋ ነው። የአለቃዋ የምስጢር ስም «እትዬ» ነው፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀልድ የማይገባት ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ማንም «አንተ» ብሏት አያውቅም።

«አንተ፣ የቤታችንን ጉድ ለሰው ታወራለህ?»

እትዬ ነገር እንዳለ ገባት፤ ቀስ ብላ «ቀጥዪ» አለች።

«ደግሞ ምድጃውን ሳታጠፋ ነው የወጣኸው። ቤቱ ሊቃጠል ነው።»

ምድጃ ማለት መደበቂያው ታውቋል ማለት ነበር።

«ማን ለኮሰው?»

«አንተው ነሃ። ሌላ ባል አለኝ እንዴ?»

እትዬ ተነፈሰች። «ፖሊሶቹን ከኦርሊኮን ወደዚያ ላዙር። የባልቻ ሰዎች እሱ ራሱ ግቡ ካላላቸው አይገቡም፤ ልማዱ ነው። ያን ቃል እንዳይናገር አቆዪው። ትችያለሽ?»

«እኔማ ጣፋጭ ልበላ ነው» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረገች።

«የዓሣውን ነገር አጣመው ነው የነገሩዎት፣ ጋሽ ባልቻ። ከመጀመሪያው ልንገርዎት።»

ነገረችው። ከስፕሊት ወደብ ሲነሡ ሸራው አልወጣ ብሎ ጎረቤት ጀልባ ላይ ያሉ ፈረንጆች እንዴት እንደሳቁባቸው። ሮቤል አዋቂ ነኝ ብሎ መልህቁን ሲጥል የገመዱን ጫፍ ከጀልባው ጋር ማሰሩን እንደረሳ። ባልቻ ሳቀ። ባሕር የሚወድ ሰው ሁሉ የሰው ስሕተት ይወዳል።

«ከቪስ የወጣችሁት ጠዋት ነው?» አለ በድንገት። «ጠዋት እኮ እዚያ ነፋስ የለም። የሚነሣው ከሰዓት ነው።»

ማራኪ ዓሣውን በሹካዋ ገላበጠችው።

«እኔስ ምን አልኩት?» አለች። «እሱ ግን ሰው ይሰማል? ፀሐዩ ላይ ተገትረን ዋልን። ኩርፊያዬ የባሰው ለዚያ አይደል።»

ባልቻ ጭኑን መታ። «ወንድ እንዲህ ነው።»

የባልቻ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አየው። አነሣው።

«ቆዩ» አለ፤ መልሶ አስቀመጠው። «እሺ፣ ከዚያስ?»

ከዚያ የተለማመዱት ታሪክ አለቀባት።

የሌለውን ቀጠለች። የምትናገረው ነገር ከየት እንደሚመጣ አታውቅም፤ ይመጣል። ኮርቹላ አጠገብ ያለች ስም የለሽ ደሴት። ሌሊት ጀልባው ሲወዛወዝ ፈርታ ስትነቃ ሮቤል ነቅቶ ገመዱን ሲያይ እንደምታገኘው። «ተኚ፣ እኔ አለሁ» እንደሚላት። እንባዋ መጣ። ለማስመሰል አልነበረም። የበረዶውን ወራት ሙሉ ይህን ለአንድ ሰው ለመንገር ስትፈልግ ኖራ፣ ያገኘችው ሰሚ ባልቻ ሆነ።

ባልቻም መሀረቡን አወጣና ሰጣት። «ትወጂዋለሽ» አለ፣ በሐዘኔታ።

«እወደዋለሁ።»

ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ።

በዚህ ጊዜ አላቅማማም።

«ግቡ» አለ።



ከስልኩ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። አማርኛ አልነበረም። አንድ ሰው ረጋ ብሎ በጀርመንኛ ስሙን እየጠየቀው ነበር። የባልቻ ፊት አመድ መሰለ። ስልኩን አየ፤ ቁልፉን አየ፤ እሷን አየ።

«ማን ነሽ አንቺ?»

ጎልማሳው ተነሣ።

ትራሙ ደወለ።

ሜራን ሶፋው ላይ ሮቤል ደጋግሞ የሚላት ነገር ነበር። ጀልባው ሲላቀቅ አታመንቺ፤ ወይ ዝለይ ወይ ቅሪ። ጠረጴዛውን ከነዓሣው ጎልማሳው ላይ ገለበጠችበት። ሮጠች። እጁ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ እጀታዋ ተቀደደ።

ዘለለች።

በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ በኩል ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ከገበያው መሀል ወጥተው ባልቻን ሲከቡት አየች። አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት የተቀደደ እጀታዋን አይተው በፈረንሳይኛ ደህና መሆኗን ጠየቁ። ደህና ነኝ አለቻቸው።

ዙሪክ ስትደርስ እየመሸ ነበር። ቪዲኮን ያለው ቤት ፊት ለፊት መንገዱ ተዘግቷል። ሙሉመቤት የእትዬ መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች። ማራኪን ስታይ እጇን ጨብጣ ያዘቻት።

«እህቴ፣ ባለቤትሽን አሰሩት እኮ። ተሳስተው ነው። እንዲያ ያለ ደግ ሰው። ንገሪያቸው።»

የሸጣት ማን እንደሆነ ማንም አልነገራትም።

«እነግራቸዋለሁ» አለች ማራኪ።

ሮቤል ደረጃው ሥር እጁ ታስሮ ቆሟል። ያንኑ ሰማያዊ ሹራብ ነው የለበሰው። ሲያያት ፊቱ በራ፤ መልሶ ጠቆረ።

«ነገረሽ?»

«ነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን አልሮጥሽም?»

«ለእኔ ዓሣ ላክህልኝ። ለእሷ ማን ይንገራት?»

ጎንበስ አለ። «ስሚኝ፤ ያደረግኩት እንዲሁ አይደለም። እነሱ . . .»

«ተው።»

ምክንያቱን መስማት ፈራች። ብትሰማው እንደምትምረው ታውቃለች። ከማረችው ደግሞ የሙሉመቤትን እጅ ተመልሳ መጨበጥ አትችልም።

«ሌሊት ስለ መንቃትህ ለባልቻ ነገርኩት» አለችው። «መልህቁን ስለ መጠበቅህ።»

«እሱን አልተለማመድንም።»

«አዎ። ከራሴ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ አየችው። ፖሊሱ መጥቶ በጀርመንኛ ጠየቃት፦ ሚስቱ ነሽ?

«አይደለሁም።»

እውነቷን ነበር። እውነት መሆኑ ምንም አልጠቀማትም።

ሙሉመቤት ቀርባ መሰከረች። ሜራን ያለው ቤት ተለቀቀ፤ ካርታውን ከግድግዳው የላጠው የቢሮው ሰው ነው። «ሸራ» የሚባል ስም ተሰረዘ። ነሐሴ ሲገባ ማራኪ የምትባል ሴት የትም የለችም። ፍሬ የምትባል፣ ዙሪክ ሐይቅ አጠገብ በአንድ መሥሪያ ቤት ፎቶ ኮፒ የምታነሣ፣ ማንም ልብ የማይላት ሴት አለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ትራም ማቆሚያው ላይ ነጠላ የለበሱ ወይዘሮ ትርፌ የሚባሉ እናት አጠገቧ ተቀመጡ። ሐይቁ ላይ ሸራ ጀልባዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«ፍልሰታን ያዝሽ፣ ልጄ?»

«ይዣለሁ።»

«ብቻ መጾም ይከብዳል። ቤተሰብ የለሽም እዚህ?»

የተማረችው መልስ «የለኝም» የሚል ነው። አጭር፣ ሌላ ጥያቄ የማያስከትል።

«ባለቤት ነበረኝ» አለች። «አምና ፍልሰታን የጾምነው ባሕር ላይ ነው። በሸራ ጀልባ፣ በደሴቶች መሀል።»

«ወይ ጉድ፣ ባሕር ላይ። ታዲያ እሱስ የት ሄደ?»

«ዓሣ በላብኝ። አኮረፍኩት።»

ወይዘሮ ትርፌ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። «በፍልሰታ? ደግ አደረግሽ። እና እስካሁን አኩርፈሽው ነው?»

«እስካሁን።»

«ኧረ ተይ ልጄ፣ ታረቂው። ዓሣ ነው እኮ።»

ትራሙ መጣ። እሷ የምትሄድበት አልነበረም፤ ግን ገባችበት፣ ሰው መሀል ቆመች፣ በሩም ተዘጋ።