ከማንጠልጠያው የተነሳው ቆብ

መሐንዲሱ የተገኘው ከፋብሪካው ጀርባ ባለው አሮጌ የብርድ ክፍል ውስጥ፣ በሸራ የተሸፈነ ዕቃ አቅፎ እንደተቀመጠ ነው። ሚኒስትሩ እዚያው ግቢ ንግግር አድርገው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ አበባቸውን ታቅፈው ከሄዱ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ የበር ጎማ ልታወጣ ክፍሉን ስትከፍት የጮኸችው ጩኸት ጸሐፊዎቹ ቢሮ ድረስ ተሰማ።

መርማሪዋ የደረሰችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አጠር ያለች፣ ሃምሳውን የተሻገረች ሴት ናት። ሰው አንድ ነገር ጣል አድርጎ ሊያልፍ ሲል «ቆይማ!» ስለምትል ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ቆይማ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ አልከፋትም።

«እንኳን ቶሎ ደረሱልን» አላት ሥራ አስኪያጁ፣ ሚኒስትሩን የተቀበለበትን ሱፍ እንደለበሰ። «አደጋ ነው፤ በሩ ተዘጋበት፣ በቃ። ማታ ደግሞ በዜና እንቀርባለን። የአገር ገጽታ ስላለ ነገሩ ዛሬውኑ ቢዘጋልን...»

«ቆይማ» አለች። «መጀመሪያ ሰውየውን ልየው።»

መሐንዲሱ በሸሚዝ ብቻ ነበር። የጣቶቹ አንጓዎች ተላልጠዋል። ምስኪን፣ በሩን ሲደበድብ ቆይቷል። መርማሪዋ ሸራውን ገለጥ አድርጋ ያቀፈውን አየች። ኮምፕሬሰር ነው፤ የማቀዝቀዣ ልብ የሚባለው ያ ከባድ ብረት። በጎኑ ላይ የባዕድ አገር ፋብሪካ ስም ጎላ ጎላ ባሉ ፊደላት ከብረቱ ጋር አብሮ ተቀርጿል። ጆሮዋ ጋለ። ይህንኑ ኮምፕሬሰር፣ ግን ያለ ፊደል፣ በፖስተር ላይ ታውቀዋለች። ያንን ፖስተር በጣቢያቸው ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ከተጀመረና ጠላት የምንላቸው አገሮች ማዕቀብ ከጣሉ ወዲህ መለዋወጫ እንደ በጋ ዝናብ ጠፋ። አውቶቡሱ ቆመ፣ ወፍጮው ቆመ፣ ሊፍቱ ቆመ። ለሆስፒታሎች ክትባትና ደም ማቆያ የሚሆነው ኮምፕሬሰር ብቻ በልዩ ፈቃድ በስንት ልመና ይገባል። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ባለበት ሰዓት ይህ ፋብሪካ «ኮምፕሬሰር በራሳችን እጅ ሠራን» ብሎ ብቅ አለ። ቴሌቪዥኑ አበደ! የፋብሪካው አንድ ብረት ሠራተኛ ፎቶ «ማዕቀቡን የሰበሩ እጆች» በሚል ጽሑፍ ከተማውን አጥለቀለቀው፤ ጋዜጠኞቹም «ጣተ ወርቅ» አሉት። መርማሪዋ ያን ቀን ሶፋዋ ላይ ሆና ብቻዋን አጨብጭባለች። አሁን ሸራውን መልሳ ሸፈነችና ወጣች።

የብርድ ክፍሉ በርና በላዩ ያለው ማንጠልጠያ ለሚኒስትሩ ክብር ጠዋት በዘበኞቹ እጅ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል። በጣቷ ነካ ስታደርገው ቀለሙ ገና ይለጠፋል።

«ይህ በር ከውስጥ አይከፈትም?» ብላ የንብረት ክፍል ኃላፊዋን ጠየቀቻት።

«የውስጡ እጀታ ከተሰበረ ቆየ። መለዋወጫው...» ሴትዮዋ እጇን አወናጨፈች። «ያው ማዕቀቡ ነው። ስለዚህ ሕግ አወጣን። የሚገባ ሰው ቆቡን ውጭ ማንጠልጠያው ላይ ይሰቅላል። ቆብ ያየ ደግሞ ከፍቶ ሳይጣራ አያልፍም። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ ያውቁታል።»

«የመሐንዲሱ ቆብስ?»

«ቢሮው ውስጥ ምስማሩ ላይ ነው የተገኘው። ረስቶት ገባ እያሉ ነው።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች፤ ዓይኗ ግን መሬት ላይ ነበር። «በር ላይ ሆኜ አበባ ሳድል ነው የዋልኩት። ነጭ ጓንት አድርጌ።»

መርማሪዋ ቆቡን ከቢሮው ምስማር አውርዳ መስኮት ሥር አገላበጠችው። ውስጡ፣ አናቱ ላይ፣ ትንሽ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ። ከፊት ጥላው ላይ ደግሞ የአውራ ጣት አሻራ በዚያው ቀለም ታትሟል። አሻራው ላይ ደቃቅ ነገር ያብለጨልጫል። ከተበላሸ ማቀዝቀዣ በር ላይ ያንን ማግኔት ያለውን ጎማ ቦጭቃ አስጠጋችው። ከብናኙ ጥቂቱ ዘሎ ተለጠፈበት።

ጣተ ወርቅን ያገኘችው በሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ነው። ከፖስተሩ ይልቅ ሲያዩት በዕድሜ ያንሳል። እጁ በናፍጣ ታጥቦ ቀልቷል፤ ጠረጴዛውም ሙልጭ ብሎ ተጠርጓል።

«መሐንዲሱ ምንህ ነው?»

«የእህቴ ባል። እነሱ ቤት ነው ያደግኩት። አባቴ ማለት ነው።»

«ዛሬ አይተኸዋል?»

«ጠዋት ብቻ። ከዚያ... እንግዳ ስንቀበል ነበር። ሚኒስትሩ አቀፉኝ።» ይህን ሲል ፊቱን አዞረ።

የመሐንዲሱን ሚስት ጎረቤቶች ደግፈው አምጥተዋት የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ እንባው ገና አልደረሰላትም።

«እህቴ፣ ትናንት ምን አለሽ?»

«ነገ ለሚኒስትሩ እነግራቸዋለሁ አለኝ። ምኑን ስለው ዝም። ወንድምሽ ይጠላኛል፣ አንቺም ታፍሪብኛለሽ አለኝ። ወንድሜ በዜና ሲቀርብ እሱ እኮ ቴሌቪዥኑን ያጠፋው ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ ጎረቤት ጠርቼ አስከፍተው ነበር።»

«ጤናውስ?»

«ልቡን ያመዋል። ኪኒኑ በማዕቀቡ ምክንያት ስለጠፋ ግማሽ ግማሽ እያደረገ ነበር የሚውጠው። ለወንድምሽ እንዳትነግሪው አለኝ። ታላቅ ሆኖ መታዘን አሳፍሮት ነው።»

መርማሪዋ ሁሉንም በትልቁ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። መሐሉ ላይ ሚኒስትሩ ያደነቁት ኮምፕሬሰር በቀይ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። በግድግዳው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ ማስታወቂያ ይሄዳል፤ ሥራ አስኪያጁ ዜናው እንዳያመልጠው በአንድ ዓይኑ ያየዋል። በዚህ ቀን እንኳ! ሰው ጉድ ነው እኮ።

«እንግዲህ አደጋ ነው አይደል?» አለ።

«ቆይማ። መሐንዲሱ ቆቡን አልረሳም። የዛሬ ጠዋቱ ቀለም ቆቡ ውስጥ አለ። ማንጠልጠያው እርጥብ መሆኑን እያየ፣ ቆቡ እንደሚበላሽ እያወቀ ሰቅሎታል፤ ያ ቆብ ነፍሱ ነውና። ከገባ በኋላ አንድ ሰው በሩን ዘግቶ ቆቡን አነሳው። የሚያልፍ ሁሉ በሩን ሳይከፍት እንዲያልፍ። ቆቡን የት መመለስ እንዳለበትም ያውቃል፤ ቢሮው ወስዶ ሰቀለው።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«ያ ሰው እርጥቡን ማንጠልጠያ ነክቷል፤ አውራ ጣቱም ቆቡ ላይ ቀርቷል። ከቀለሙ ጋር ደግሞ የብረት ሙራጅ፣ ከሞረድ ሥር የሚረግፈው ብናኝ፣ አለ። ሙራጅ ከሱፍ ኪስ አይገኝም፣ ሥራ አስኪያጅ። ነጭ ጓንት አድርጎ አበባ ከሚያድል እጅም አይገኝም። በሩን የቀቡት ዘበኞች ሞረድ አይነኩም፤ ቢሆንማ ኖሮ በሩ ሁሉ ሙራጅ ይሆን ነበር። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የቀረኝ። ዛሬ ጠዋት ሞረድ የያዘው ማን ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ፈታ አደረገ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ጫማዋን አየች። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ምላሱን ዋጠ። ሞራጁን በስም መጥራት የሚሞረደውን ማጋለጥ ነው።

መርማሪዋ ቀይ ጨርቁ ጋ ሄዳ የኮምፕሬሰሩን ጎን በመዳፏ ዳሰሰች። «እዚህ ጋ ከቀለሙ ሥር ብረቱ ልስልስ ብሏል። በብርድ ክፍሉ ያለው መንትያው ግን እዚሁ ቦታ ላይ የአባቱን፣ የባዕዱን ፋብሪካ፣ ስም ተሸክሟል። መሐንዲሱ ያን አንዱን ሸሽጎ ያስቀረው ለሚኒስትሩ ሊያሳይ ነው። ሚኒስትሩ ዛሬ ምን አሉ? ከነገ ጀምሮ ለሆስፒታል ኮምፕሬሰር ከውጭ አይገባም፣ የራሳችን አለን አሉ። ጠዋት ይፈርማሉ። ከዚያስ? ክትባቱ ሲበላሽ፣ ደሙ ሲበላሽ ምን ልንሰጣቸው ነው? ፖስተር?»

«እኛ እኮ ለአገር ብለን ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «በሽንኩርት ጆንያ ሥር፣ ድንበር ለድንበር አዙረን ነው ያስገባነው። ሕዝቡ ቀና ይበል ብለን ነው። አሁን ይህ ቢወጣ ጠላት አይስቅብንም? እባክዎ እመቤቴ፣ አያዋርዱን።»

«ተዋርደን ጨርሰናል እኮ» አለች መርማሪዋ። «እኔም አጨብጭቤያለሁ።»

ያኔ የመሐንዲሱ ሚስት ተነሳች። ቀጥ ብላ ወደ ወንድሟ ሄደች።

«ማታ ማታ ከጥፍርህ ሥር ብናኙን በመርፌ የማወጣልህ እኔ ነኝ። ሲሠራ ውሎ ነው፣ ወንድሜ ብረት እየቀለጠለት ነው እያልኩ። የባዕዱን ስም ስትፍቅ ነበር የምትውለው?»

ጣተ ወርቅ አንገቱን ደፋ።

«ናፍጣውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች የንብረት ክፍል ኃላፊዋ በድንገት፣ ጓንቷን እየጨመቀች። «አውራ ጣቱ አረንጓዴ ሆኖ መጣ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እዚህ ሲደበቅ ካየነው ነገር ብዙውን አልጠየቅንም።»

«እትዬ» አለ ጣተ ወርቅ። «ሚኒስትሩ እስኪሄዱ ብቻ ብዬ ነው። በልጄ ሞት፣ ያንን ብቻ ነው ያሰብኩት። ያን ያልተፋቀውን ሊያወጣ ሲገባ አየሁት። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ልጄም ከትምህርት ቤቷ ልጆች ጋር መጥታ፣ ስለ እኔ ግጥም ልታነብ... መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ቶሎ እከፍትለታለሁ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ጠሩኝ። ፎቶ፣ ንግግር፣ ደግሞ ፎቶ። እሄዳለሁ ስል ያዙኝ። በኋላ ሮጬ ስከፍተው...»

«ከፍተህ አየኸው?» አለች መርማሪዋ።

«ተቀምጦ ነበር። ፊቱን ማየት አልቻልኩም። መልሼ ዘጋሁት።»

«ልቡን ያመው ነበር» አለች እህቱ።

«ማንም አልነገረኝማ!»

በዚህ መሐል ዜናው ጀመረ። ድምፅ የለውም፤ ምስሉ ብቻ። አዳራሹ በአበባ ተሞልቷል። ሚኒስትሩ ጣተ ወርቅን አቅፈው ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርጉታል። እሱ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ለካሜራው ይስቃል። ከአጠገቡ አንዲት ትንሽ ልጅ ወረቀት ይዛ ታነባለች። የመሐንዲሱ ሚስት ቴሌቪዥኑን ብዙ ካየችው በኋላ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ያኔ እያንኳኳ ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ደህና ሥራ ይህ ነው።

«ያ ኮምፕሬሰር አሁኑኑ ይወጣል» አለች መርማሪዋ። «ጠዋት ሚኒስትሩ ብዕር ሳያነሱ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ማን ያወጣልኛል?»

አንዱ አንዱን አየ። የሞተ ሰው ያቀፈውን ወስዶ፣ ያን ስም በጠራራ መብራት ተሸክሞ በግቢው ማለፍ የማን ጉልበት ነው?

«እኔ» አለ ጣተ ወርቅ። «ከባድ ነው። እኔ ነኝ የለመድኩት።»

መርማሪዋ አንድ ፖሊስ አስከትላ ወሰደችው፤ ሌላውም ተከተለ። የብርድ ክፍሉ በር ጋ ሲደርሱ ጣተ ወርቅ ቆም አለ። ከልማድ ይሁን ከሌላ፣ ቆቡን አውልቆ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለ። ሊገባ ሲል ግን ዞሮ በሩን አየ። በሩን የያዘችው እህቱ ነበረች። ማንም አልጠየቃትም፤ ራሷ መጥታ ነው የያዘችው።

«እትዬ...»

«ግባ» አለችው። «ይዤልሃለሁ።»

ገባ። እሷ በሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀለሙ መዳፏን ሲያቆሽሸው ሳትለቅ፣ ፊቷን ግን ወደ ውጭ አዙራ ቆመች። ከውስጥ የልቅሶ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የሸራ ኮሽታ። ሲወጣ ብረቱን ደረቱ ላይ ታቅፎታል፤ የባዕዱ ስም ወደ ሰዎቹ ዞሯል። ሥራ አስኪያጁና የንብረት ክፍል ኃላፊዋ መንገድ ለቀቁለት፤ ማንም ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ካለፈ በኋላ እህቱ በሩን ለቀቀች። ቆቡን ከማንጠልጠያው አነሳችና ለመርማሪዋ ሰጠቻት።

«ስጡት» አለች። «ውጭው ይበርዳል።»