ሽውና የተዳፈነው እሳት

ልጆች፣ ቤተሰቦቿ «ሽው» የሚሏት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ከእናቷ፣ ከአባቷና ድንቡሼ ከሚባለው ትንሽ ወንድሟ ጋር ጓሮ ባለው ቤት ትኖራለች። ሁሉን ነገር ሽው አድርጋ ነው የምትጨርሰው። እናቷ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብትላት፣ ማን ሰምቶ!

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ነፋስ በሌለበት፣ አባቷ ጓሮ እሳት ሊያነድ ተነሣ። የሰፈሩ ደንብ እንደሚያዘው ከአጥሩ ርቆ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደረ፤ ባልዲ ሙሉ ውሃ አጠገቡ አኖረ። ነበልባሉ ሲነሣ ሽው አፏን ከፍታ ቀረች።

«አባዬ፣ ሕይወት ያለው እኮ ነው የሚመስለው!»

«ለዚህ ነው ጀርባ የማይሰጠው» አላት።

እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ ጎረቤታቸው አናጢው ከበር ተጣራ።

«ውሃውን አፍስሺበትና አጥፊው፤ መጣሁ» ብሏት አባቷ ሄደ።

ወዲያው ከሳሎን የምትወደው ፊልም ዘፈን ተሰማ። ባልዲው ደግሞ ከባድ ነው። ሽው ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በአካፋ አፈር መለሰችበትና ሮጣ ገባች።

«አጠፋሽው?» አለ አባቷ ሲመለስ።

«አዎ!»

አይ ሽው! የተዳፈነ እሳት መቼ ጠፋና? የተኛ መስሎ ውስጥ ውስጡን ይነዳል።

ትንሽ ቆይታ በመስኮት ስታይ፣ ድንቡሼ በባዶ እግሩ ኳስ እያሳደደ ወደዚያ አፈር ይሮጣል። አባቷ አጥሩ ጋ ቆሟል። ከተናገረች ውሸቷ ይወጣል። ዝም ካለች ግን ወንድሟ!

«አባዬ ያዘው! አላጠፋሁትም! ዳፍኜው ነው!»

አባቷ በሩጫ ደርሶ ድንቡሼን ላፍ አደረገው። አንድ እርምጃ ነበር የቀረው።

ከዚያ ሕፃኑን ጩኸት ሰምታ ለወጣችው እናቱ ሰጥቶ ውሃውን ራቅ ብሎ ቀስ እያለ አፈሰሰ። ችሽሽሽ! ያ ዝምተኛ አፈር ጮኸ። ነጭ እንፋሎት ከጣሪያው በላይ ወጣ። እናቷ «የፈጣሪ ያለህ!» ብላ የድንቡሼን እግር በእጇ ሸፈነች።

«ዋሸሁህ፣ አባዬ። ይቅር በለኝ» ብላ ከቤት ሮጣ የወጣችው ሽው አለቀሰች።

«እውነቱን በሰዓቱ ስለተናገርሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔም ፍም ትቼልሽ መሄድ አልነበረብኝም። ነይ፣ አብረን እናጥፋው።»

አባቷ እያማሰለ፣ እሷ ውሃ እያመላለሰች፣ እንፋሎቱ ጠፍቶ አመዱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከቦታው አልተነቃነቁም። ከዚያ ሽው ገብታ የወንድሟን ውስጥ እግር ሳመች። እሱማ ኮረኮረችኝ ብሎ ሳቀ።

ልጆቼ፣ መዳፈን ማጥፋት አይደለም፤ እሳትን በውሃ፣ ጥፋትንም በእውነት አጥፉ።