ገመድ ጎታቾቹን «እንብላ» ያልኩ ቀን

ስሙኝማ፣ እኔ ሰይጣን ራሱ ቢመጣ ሲጋራ ግዛ ብዬ የምልከው ሰው ነኝ፣ የጂኒ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የምስቀው እኔ ነኝ፣ ይቺን ግን እመኑኝ፣ በዓይኔ ነው ያየኋት።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ቬስትኤንድ የሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሽ ብርሃነ ጋር እናጸዳ ነበር፣ ጋሽ ብርሃነ ማለት ጡረታቸውን የሚጠብቁ፣ ወገባቸው የጎበጠ የአስመራ ሰው፣ ያቺን ቡኒ ባርኔጣቸውን ቤት ውስጥም አያወልቋትም። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን የሞላ የድሮ ስዕል አለ፣ ይሄው የኛ ማይን ወንዝ፣ ዕቃ የጫነ መርከብ፣ ዳር ዳሩን ገመድ ትከሻቸው ላይ አርገው መርከቡን ሽቅብ የሚጎትቱ ምስኪኖች፣ ከኋላቸው ፈረስ ላይ ጅራፍ የያዘ ሰውዬ። «ሼፋችን ያኔም ነበር ለካ!» እላለሁ አለቃችንን ለማማት፣ ጋሽ ብርሃነ ይስቃሉ።

ያን ቀን ፓውዘ ላይ፣ በዕረፍታችን ሰዓት፣ ስዕሉ ስር ቁጭ ብዬ ምሳዬን ከፈትኩና ወደ ጎታቾቹ ዞሬ «እንብላ!» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ የማታውቀውን አትጋብዝ!» አሉኝ ቆጣ ብለው።

«ምን ችግር አለው ጋሼ? እጃቸውን ታጥበው ይምጡ፣ ወንዙ እንደሆነ እዚያው ነው!»

ባልዲ ደፍቼ ስመለስ ምሳዬ የለም፣ ሳህኑ ላይ ጭቃ፣ ወለሉ እርጥብ፣ ኮሪደሩ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። «በሉት አይደል ጋሼ?» ብል እሳቸው ስዕሉ ላይ ፈዘዋል።

«አንዱ የለም» አሉ።

እውነትም አንዱ የገመድ ማንገቻ ባዶውን ተንጠልጥሏል፣ ባለ ጅራፉ ደግሞ፣ እናቴ ትሙት፣ ፊቱን ወደኛ አዙሯል። ገመድ ሲወጠር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፣ ቀጥሎ ጧ!

ጋሽ ብርሃነ ትከሻቸውን ይዘው ተንበረከኩ። «ልጄ፣ የጋበዝከው አንተ ነህ፣ ለባለ ጅራፉ ንገረው!»

ንገረው እኮ ነው የሚሉኝ! በምን ቋንቋ? እኔ እንደሆነ ሩጫ ላይ የሚደርስብኝ የለም፣ ደረጃውን ቁልቁል ነካሁት።

ጋሽ ብርሃነ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሞተው ተገኙ፣ ሬሳቸውን ያጠቡት ሰዎች ትከሻቸው ላይ የገመድ ሰንበር አየን ብለዋል። ስዕሉን ሄጄ አየሁት፣ ማንገቻው ባዶ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጎባጣ ሰውዬ አለ፣ ባርኔጣው ቡኒ፣ ጅራፉ ልክ እላዩ ላይ።

ይኸውላችሁ ትናንት ቤቴ ምሳዬን አቅርቤ ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ፣ ከዚያ ከበሩ ኋላ አንድ የደከመው ድምፅ፣ የማውቀው ድምፅ፣ በትህትና «እንብላ» አለኝ። አፌ መቼም አያርፍ፣ ሳላስበው «እሺ ጋሼ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ትከሻዬን ይበላኛል፣ እስቲ ቁንጫ ነው በሉኝ።